ሆየርስቬርዳ፦ ከሰሉ ሲያበቃ ከተማዋ ምን ይዛ ትቀራለች?

ጥያቄ
ማኅሌት፣ ከካሰል

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ባለቤቴ በጀርመን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላውዚትስ፣ በሽቫርጸ ፑምፔ የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ ከሚሠራ አንድ ድርጅት የኤሌክትሪክ ቴክኒሻንነት አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ውል ቀርቦለታል። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ ሲሆን፣ በጥሩ ውጤት ካጠናቀቀ እዚያው እንደሚቀጥሩት ነግረውታል። ቤት ለመከራየት ያሰብነው በአቅራቢያዋ ከተማ በሆየርስቬርዳ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ታላቂቱ በመጪው የትምህርት ዘመን አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ስለዚህ ለጥቂት ዓመታት ተቀምጠን የምንነሣበትን ሳይሆን የምንኖርበትን ቦታ ነው የምንፈልገው።

ስለ ከተማዋ ያነበብሁት ነገር ሐሳቤን ለሁለት ከፍሎታል። የቤት ኪራዩ እዚህ ከምንከፍለው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ሐይቆቹና ጫካው በፎቶግራፍ ሲታዩ ያምራሉ። ነገር ግን በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ከ70,000 በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ ዛሬ ወደ 30,000 ገደማ መውረዱን፣ የአካባቢው ሕይወት የቆመበት የከሰል ኃይል ማመንጫም በሕግ ቢዘገይ እስከ 2038 እንደሚዘጋ አንብቤአለሁ። ልጆቼ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ከተማዋ ባዶ ትቀራለች ብዬ መፍራቴ ተገቢ ነው? አካባቢውን በሥራም ሆነ በኑሮ የምታውቁ እውነቱን ሳትሸፋፍኑ እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ።

መልስ
ጋሽ መርዕድ፣ ከፍራይበርግ

እኅቴ ማኅሌት፣ እኔ በሰማንያዎቹ ዓመታት እዚህ በፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ ስማር ለተግባር ልምምድ የተላክሁት ወደ ላውዚትስ ስለነበር፣ ሆየርስቬርዳን በሙላቷም በጉድለቷም ዘመን አይቻታለሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንቺን ያስፈራሽ የ2038 ቀጠሮ ነው፤ ከተማዋን የሰበራት ግን ከ1990 በኋላ የነበረው አሥር ዓመት ነው፤ እሱ ደግሞ አልፏል። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

በላውዚትስ የሚወጣው ቡናማ ከሰል ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል በግምት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ቢያስገኝ ነው። እንዲህ ያለውን እርጥብ ነገር በባቡር ጭኖ ሩቅ አገር መውሰድ ኪሳራ በመሆኑ፣ የኃይል ማመንጫውና ፋብሪካው ከጉድጓዱ አጠገብ ይተከላሉ፤ ሠራተኛውም እዚያው አጠገብ መኖር አለበት። ምሥራቅ ጀርመን ድንጋይ ከሰል እምብዛም አልነበራትም፤ ነዳጅ ዘይት ለመግዛትም የውጭ ምንዛሪዋ አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ አገሪቱ በሙሉ በቡናማ ከሰል ላይ ተንጠለጠለች። በሰማንያዎቹ መጨረሻ በዓመት 300 ሚሊዮን ቶን ያህል ታወጣ ነበር፤ በዓለም የሚስተካከላት አልነበረም። ከዚህ ውስጥ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋው ከላውዚትስ ብቻ የሚወጣ ነበር።

ሆየርስቬርዳ በሃምሳዎቹ አጋማሽ 7,000 ያህል ሰው የሚኖርባት፣ ሶርቦች የሚባሉት የአካባቢው የስላቭ ሕዝብና ጀርመኖች ተቀላቅለው የሚገበያዩባት ትንሽ የገበያ ከተማ ነበረች። በ1955 የሽቫርጸ ፑምፔ ኮምቢናት (በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ የመንግሥት ፋብሪካዎች ስብስብ) የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከሽቫርጸ ኤልስተር ወንዝ ማዶ ለሠራተኞቹ አዲስ ከተማ መሠራት ተጀመረ። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በፋብሪካ እንደ ሰሌዳ ተዘጋጅቶ በክሬን እየተነሣ የሚገጣጠምበት የግንባታ ዘዴ በዚህ ስፋት በምሥራቅ ጀርመን የተሞከረው መጀመሪያ እዚያ ነው። ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር የተሰጣቸው የመኖሪያ ክፍሎች በየተራ ተሠሩ፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናትና ሱቅ ነበራቸው። ሠራተኛው በፈረቃ በአውቶቡስ ወደ ኮምቢናቱ ይመላለሳል፤ እዚያ ብሪኬት (ደርቆና ተጨምቆ እንደ ጡብ የሚወጣ ከሰል) ይጋገራል፣ ኮክ የተባለው የተጣራ የከሰል ነዳጅ ይመረታል፣ ኤሌክትሪክ ይመነጫል፤ ከሁሉም በላይ ከከሰል የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ተጉዞ የአገሪቱን አብዛኛውን ወጥ ቤትና ፋብሪካ ያቀጣጥል ነበር። እኔ በደረስሁበት ዘመን ከተማዋ በወጣት ቤተሰብ የተሞላች ነበረች፤ በየደጁ የሕፃን ጋሪ ተደርድሮ ይታይ ነበር። አየሩ ግን ከባድ ነበር፤ ንፋስ ከሰሜን ሲነፍስ መስኮት ላይ የተሰጣ ልብስ ጥቁር አቧራ ለብሶ ይገባል።

በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ የሆነው ይህ ነው። በቧንቧ የመጣው የተፈጥሮ ጋዝ የከሰሉን ጋዝ ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘጋው፤ ሰው ቤቱን በብሪኬት ማሞቁን ተወ፤ ኤሌክትሪኩን ይበሉ የነበሩት የምሥራቅ ፋብሪካዎች እርስ በርስ እየተጎተቱ ተዘጉ። የላውዚትስ ምርት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወረደ፤ በከሰሉ ዘርፍ ይሠሩ ከነበሩት 80,000 ያህል ሰዎች መካከል ሥራው ላይ የቀረው ከአሥር አንድ አይሞላም። ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ይልቁንም ሴቶቹ። ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የከተማዋ አስተዳደር ሰው የሌለባቸውን ሕንፃዎች ከዳር ወደ መሐል ያፈርስ ጀመር፤ በመጨረሻ የተሠራው አሥረኛው ክፍልም በአብዛኛው ፈርሶ ቦታው ሣር ለብሷል።

አሁን የምታዪው የሽቫርጸ ፑምፔ ኃይል ማመንጫ ከዚያ ውድቀት በኋላ የተሠራ አዲስ ተቋም ነው። ከ1997 እስከ 1998 ሥራ የጀመሩ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 800 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ጭሱም ተጣርቶ በማቀዝቀዣ ማማዎቹ በኩል ይወጣል። ይህ ተቋም የሚያሠራው ሰው ከድሮው ኮምቢናት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በ2038 የሚጠፋው ሥራ በ1990ዎቹ ከጠፋው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በዚያ ላይ አሁን ካሉት ሠራተኞች ብዙዎቹ እስከዚያ ጡረታ ይወጣሉ። እኔ ባለቤትሽን ብሆን ውሉን እፈርም ነበር።

መልስ
ጽጌ፣ ከሆየርስቬርዳ

ማኅሌት፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር በአዲሱ ከተማ ክፍል እኖራለሁ። ጋሽ መርዕድ ታሪኩን በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ ኑሮው ብቻ ልናገር።

ቤት በቀላሉ ይገኛል፤ ይህን እንደ ካሰል አታስቢው። ያልፈረሱት ሕንፃዎች አብዛኞቹ ታድሰዋል፤ አንዳንዶቹ የላይኛው ፎቃቸው ተነሥቶ ዝቅ እንዲሉ ተደርገዋል። ዛፉ ብዙ ነው፤ የፈረሰው ቦታ ሁሉ ሣር ስለሆነ ልጆች መሮጫ አያጡም። በእርግጥ መጀመሪያ ስትመጪ ባዶነቱ ይከብድሻል፤ መንገዶቹ የተቀየሱት ለ70,000 ሰው ስለሆነ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሰፊ ጎዳና ላይ ብቻሽን የምትሄጂበት ጊዜ አለ። ከተማዋ አርጅታለች፤ የምንከባከባቸው ሕሙማን አብዛኞቹ በወጣትነታቸው ኮምቢናቱን የሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ፈረቃቸው፣ ስለ ብርጌዳቸው (ስለ ሥራ ቡድናቸው)፣ ጉድጓዱን በረዶ ሲይዘው ወታደር እየመጣ ከሰሉን ያወጣ ስለነበረበት ክረምት ሲያወሩ ይውላሉ። ኩራታቸው እውነተኛ ነው፤ ቅሬታቸውም እንዲሁ። «አገሪቱን ያሞቅናት እኛ ነን፤ ዛሬ ቆሻሻ ይሉናል» የሚል ሰው ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት ጥቂት ነው፤ የአካባቢውን ፖለቲካ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ልትጠይቂበት የሚገባ ነገር ማሞቂያው ነው። የከተማዋ ቤቶች የሚሞቁት በአብዛኛው ከሽቫርጸ ፑምፔ ኃይል ማመንጫ በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። ስለዚህ ከሰሉ ሲቆም የሚጎድለው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የራዲያተሩ ሙቀትም ጭምር በመሆኑ፣ ያን ሙቀት የሚተካው ምንጭና የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ሰው ሲሰበሰብ ዋና ወሬ ነው። ኪራዩ ርካሽ ነው ብለሽ ስትፈርሚ ከኪራዩ ጋር የሚታሰበውን የማሞቂያ ወጪ ለይተው እንዲያሳዩሽ አድርጊ። እኛ መጀመሪያ ቤት የተከራየንበት አከራይ ይህን አድበስብሶ በዓመቱ መጨረሻ ያልጠበቅነውን ሒሳብ ልኮልናል።

ትምህርት ቤት ችግር የለውም፤ ክፍሎቹ እንደ ትልልቅ ከተሞች የተጨናነቁ አይደሉም። የመንገድ ምልክቶቹ በሁለት ቋንቋ ተጽፈው ስታዪ አትገረሚ፤ ሶርቦች በዚህ ምድር ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ የስላቭ ሕዝብ ናቸው፤ ልጅሽም ከፈለገች ቋንቋቸውን መማር ትችላለች። ወደ ድሬስደን ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሐበሻ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ለቤተ ክርስቲያንም ሆነ ለእንጀራ ወደ ድሬስደን ወይም ወደ በርሊን መውጣት ግድ ነው።

መልስ
ዳንኤል፣ ከላይፕዚሽ

የቀደሙት ሁለቱ መልሶች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ስለ ሆየርስቬርዳ የሚጠይቅ ጥቁር ቤተሰብ ስለ 1991 ሳይነገረው መቅረት የለበትም። ያ ታሪክ ደግሞ ከከሰሉ ውጭ የሆነ ታሪክ አይደለም።

ምሥራቅ ጀርመን የሠራተኛ እጥረቷን ለመሙላት ከቬትናም፣ ከሞዛምቢክና ከሌሎች አገሮች በውል ሠራተኛ ታስመጣ ነበር፤ ከሞዛምቢክ ጋር የተደረገው ስምምነት የ1979 ነው። በላውዚትስ ከሰል ማውጫዎችም ሞዛምቢካውያን ሠርተዋል። የሚኖሩት ለብቻቸው በተለየ ሆስቴል ነበር፤ ከደመወዛቸውም የተወሰነው እጅ «አገራችሁ ስትመለሱ ይሰጣችኋል» ተብሎ ይቆረጥ ነበር፤ ብዙዎቹ ያን ገንዘብ እስከ ዛሬ ስላላገኙ በማፑቶ አደባባይ ሰልፍ ሲወጡ ኖረዋል። በሴፕቴምበር 1991 የኒዮናዚ ወጣቶች በገበያው ላይ በቬትናም ነጋዴዎች ላይ የጀመሩት ጥቃት ወደ ሠራተኞቹ ሆስቴል፣ ከዚያም ወደ ስደተኞቹ መኖሪያ ተዛመተ። ለቀናት ድንጋይና ተቀጣጣይ ጠርሙስ ሲወረወር፣ ከጎረቤቶቹ ብዙዎቹ ቆመው ያዩ፣ ያጨበጨቡም ነበር። ፖሊስ ሰዎቹን መጠበቅ ሲያቅተው በአውቶቡስ ጭኖ ከከተማዋ አስወጣቸው፤ አጥቂዎቹም ይህን እንደ ድል ቆጠሩት። ከሰል ሲያወጡ የኖሩ ሰዎች ተባርረው ሲወጡ ከተማዋ አላለቀሰችም።

ጋሽ መርዕድ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎትና፣ ያን ጊዜ የነበረውን ቁጣ የወለደው የሥራ መጥፋት ነው ካልን፣ የሚቀጥለው መዘጋት ተመሳሳይ ቁጣ አያመጣም ብለው ማኅሌትን እንዴት ያረጋጓታል? ፀረ ስደተኛ የሆነው ፓርቲ በዚያ አካባቢ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያገኝ ያውቃሉ።

መልስ
ጋሽ መርዕድ፣ ከፍራይበርግ

ወንድሜ ዳንኤል፣ ያነሣኸው ነገር እውነት ነው። ሞዛምቢካውያኑን በልምምድ ዘመኔ በሥራ ቦታ አግኝቻቸዋለሁ፤ ከእኔ ጋር የሚጨዋወቱት በጀርመንኛ ነበር፤ እኔ ተማሪ በመሆኔ የተፈቀደልኝ ለእነሱ የማይፈቀድ ብዙ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ሥራ ማጣት ብቻ ያን ጥቃት ወለደው አላልሁም፤ አልልምም። በሰማንያዎቹ፣ ሁሉም ሰው ሥራ በነበረው ጊዜም ስድቡ ነበረ፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ መንግሥት አፉን ይዞት ነበር። ማኅሌትን አረጋጋት ዘንድ የምችለው በዚህ ጉዳይ ላይ አይደለም፤ የእኔ ምስክርነት ስለ ሥራው ነው። ስለ ዛሬው የጎዳና ኑሮ እዚያ የምትኖረው ጽጌ ትናገር።

መልስ
ጽጌ፣ ከሆየርስቬርዳ

ዳንኤል እንዳለው ድምፁ ከፍተኛ ነው፤ አልክድም። እኔን በግሌ የመታኝ ሰው የለም፤ ነገር ግን በአውቶቡስ ውስጥ የሚወረወር ቃል ሰምቻለሁ፤ ልጄም በመጫወቻ ሜዳ ሰምታለች። በሌላ በኩል ከተማዋ ያን ሳምንት አልረሳችውም፤ የመታሰቢያ ሐውልት ተሠርቶለታል፤ አዲስ የሚመጡትን ሰዎች ቋንቋ የሚያስተምሩ፣ ወደ መሥሪያ ቤት አብረው የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞችም አሉ፤ ከእነሱም መካከል የድሮ የኮምቢናት ሠራተኞች ይገኛሉ። ማኅሌት፣ ከመፈረማችሁ በፊት ልጆቹን ይዛችሁ ቅዳሜና እሑድ መጥታችሁ ቆዩ፤ እኔ ቤት ማደር ትችላላችሁ፤ በግል መልእክት ጻፊልኝ።

መልስ
ዮናስ፣ ከኮትቡስ

በኮትቡስ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ምሕንድስና አጥንቼ አሁን በውሃ ሥራ ላይ ስለምገኝ፣ እስካሁን ያልተነሣውን ነገር ልጨምር። ጋሽ መርዕድ «ትልቁ ውድቀት አልፏል» ማለትዎ በሥራ ቁጥር ልክ ነው፤ በመሬቱና በውሃው በኩል ግን ዕዳው ገና አላለቀም።

ከሰሉ የሚገኘው ከአፈርና ከአሸዋ ሥር ጥልቅ ሆኖ ነው። እሱን ለማውጣት አስቀድሞ የከርሰ ምድር ውሃውን ለዓመታት በፓምፕ መሳብ፣ ከዚያም ከላይ ያለውን አፈር መግፈፍ ያስፈልጋል። አፈሩን ከጉድጓዱ አንድ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግረው የብረት ድልድይ እስከ 60 ሜትር ውፍረት ያለውን አፈር በአንድ ጊዜ ይገፋል፤ 502 ሜትር ርዝመት ያለው አንዱ ሥራውን አቁሞ በሊሽተርፌልድ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል፤ ልጆቻችሁ ይወዱታል። በዚህ አኳኋን ባለፉት 100 ዓመታት በላውዚትስ ከ130 በላይ መንደሮች በሙሉ ወይም በከፊል ጠፍተዋል፤ ብዙዎቹ የሶርቦች ነበሩ። ሶርቦቹ «እግዚአብሔር ላውዚትስን ፈጠረ፤ ዲያብሎስ ከሥሯ ከሰል ቀበረ» የሚሉት ወድደው አይደለም።

አሁን ጉድጓዶቹ ሐይቅ እየሆኑ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የዜንፍተንበርግ ሐይቅ ሲሆን በ1973 ለዋናተኞች ተከፈተ፤ ዛሬ በርካታዎቹ በመርከብ መተላለፊያ ቦዮች ተያይዘዋል። ፎቶግራፉ ላይ ያየሽው ውበት ሐሰት አይደለም። ሆኖም ተመልሶ የተደፋው አሸዋ ልል ስለሆነ፣ ፓምፑ ቆሞ ውሃው ሲመለስበት ድንገት እንደ ፈሳሽ ሊሄድ ይችላል። በኦክቶበር 2010 በሽፕሬታል አቅራቢያ ሰፊ መሬት እንዲሁ ተንሸራትቶ የበግ መንጋ ይዞ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ በሰሌዳ ተከልሏል፤ የተቆፈረውን መሬት መልሶ የሚያስተካክለው የመንግሥት ኩባንያ አሸዋውን በሚርገበገብ ዘንግና በፈንጂ እየጠቀጠቀ ያጠናክራል፤ ይህም አሥርት ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። «አትግቡ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ባለበት ልጅ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው የሽፕሬ ወንዝ ነው። ከጉድጓዶቹ የሚሳበው ውሃ ወደ ወንዙ ስለሚለቀቅ፣ በደረቅ የበጋ ወራት በኮትቡስ ከሚያልፈው ውሃ እስከ ሦስት አራተኛው ከከሰል ጉድጓዶቹ የተሳበ ውሃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፓምፑ ሲቆም ወንዙ ይመነምናል፤ ከታች ያለችው በርሊን ደግሞ ለመጠጥ ውሃዋ በዚህ ወንዝ ላይ ትመካለች። በአፈሩ ውስጥ ያለው የብረትና የድኝ ማዕድን አየር ካገኘ በኋላ በውሃ ሲታጠብ ወንዙን ቡናማ ያደርገዋል፤ ሰልፌት የተባለው ጨውም በውሃው ውስጥ ይጨምራል። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ መርዶ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ለማኅሌት ባለቤት የምለው ሌላ ነው፦ እነዚያን ፓምፖች፣ የማጣሪያ ጣቢያዎችና ቦዮች የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከሰሉ ካበቃ በኋላም ለረጅም ጊዜ ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምር፤ ሰው ሁሉ 2038 ብሎ ያልፈዋልና። የ2020ው ሕግ ማመንጫዎቹን በየተራ ነው የሚዘጋቸው፦ በኮትቡስ አጠገብ ያለው ዬንሽቫልደ እስከ 2028 መጨረሻ፣ የቦክስበርግ ሁለቱ አሮጌ ክፍሎች በ2029 መጨረሻ፣ ሽቫርጸ ፑምፔና የቦክስበርግ አዳዲሶቹ ክፍሎች በ2038 መጨረሻ። በምዕራብ ጀርመን ያለው የራይን ከሰል አካባቢ መዘጊያ ወደ 2030 እንዲቀርብ በ2022 ስምምነት ተደርጓል፤ ለላውዚትስ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አልተደረገም። ያም ሆኖ ማመንጫውን የሚዘጋው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ የካርቦን ልቀት ፈቃድ ዋጋ ከናረና የነፋስና የፀሐይ ኤሌክትሪክ ገበያውን ከሞላው፣ ቀኑ ሳይደርስ ማመንጨቱ የማያዋጣበት ሰዓት ይበዛል። እኔ 2038ን እንደ መጨረሻ ገደብ እንጂ እንደ ዋስትና አላየውም።

ለከሰል አካባቢዎች በጠቅላላው እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቧል፤ ከዚህ ውስጥ ለክፍለ ግዛቶቹ በቀጥታ ከሚሰጠው 14 ቢሊዮን 43 በመቶው የላውዚትስ ድርሻ ነው። ፍሬው እስካሁን በጉልህ የታየው በኮትቡስ ነው፤ የጀርመን ባቡር ድርጅት የፈጣን ባቡሮች ጥገና አዳራሹን በጃንዋሪ 2024 ከፍቷል፤ ሥራው ሲሟላ 1,200 ሰው ይቀጥራል ተብሏል፤ በዚያው ዓመት የሕክምና ዩኒቨርሲቲም ተመሥርቷል። ሆየርስቬርዳ የደረሳት ከዚህ ያነሰ ነው፤ የከተማዋ ሰዎች በዚህ ቢያኮርፉ አልፈርድባቸውም።

ምላሽ
ማኅሌት፣ ከካሰል

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጽጌ፣ በግል ጽፌልሻለሁ። ጋሽ መርዕድ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ውሉን የሰጠው ድርጅት ኃይል ማመንጫው ራሱ ሳይሆን በዚያው መንደር ውስጥ ያለ ሌላ ፋብሪካ ነው። ማመንጫው ሲዘጋ ፋብሪካው አብሮ እንደማይዘጋ በምን ማወቅ እንችላለን?

መልስ
ጋሽ መርዕድ፣ ከፍራይበርግ

እኅቴ፣ ዋናውን ነገር አሁን ጠየቅሽ። በዚያ መንደር ያሉት ፋብሪካዎች ከማመንጫው ጋር የተሳሰሩበት መንገድ የተለያየ ነው። የግድግዳ ሰሌዳ የሚሠራው ጂፕሱሙን (ጀሶውን) የሚያገኘው ከማመንጫው የጭስ ማጣሪያ ነው፤ ከሰል ካልተቃጠለ ያ ጂፕሱም የለም፤ ከሌላ ቦታ ማምጣት ይኖርበታል። የብሪኬት ፋብሪካው ያለ ከሰል ትርጉም የለውም። ወረቀት የሚሠራው ጥሬ ዕቃው ያገለገለ ወረቀት ስለሆነ ከከሰሉ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ማድረቅ ብዙ እንፋሎት ይፈልጋል። የጥገና ሥራ ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶች ደግሞ ደንበኛቸው ማን እንደሆነ ማየት ነው።

ስለዚህ ባለቤትሽ ለውል ፊርማ ሲሄድ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ እንፋሎታችሁ ከየት ነው፤ ከ2038 በኋላ ከየት ለማግኘት አስባችኋል፤ ከምትሠሩት ሥራ ስንት እጁ ለከሰሉ ኩባንያ ነው? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጀርመን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያከብራል፤ የሚያስብበት ድርጅት ከሆነ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። መልስ ከሌላቸው ደግሞ ያም መልስ ነው። የሙያ ፈተናውን የሚሰጠው ድርጅቱ ሳይሆን የኢንዱስትሪና ንግድ ምክር ቤቱ ነው፤ ወረቀቱ በካሰልም በሐምቡርግም እኩል ይሠራል። እንዲሁም የሙያ ትምህርት ቤቱ በየትኛው ከተማ እንደሆነ አስቀድሞ ይጣራ፤ የዛክሰንና የብራንደንቡርግ ወሰን በዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ፋብሪካው በአንዱ ክፍለ ግዛት፣ ቤታችሁ በሌላው፣ ትምህርት ቤቱም ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ መኪና ከሌላችሁ የማለዳውን አውቶቡስ ሰዓት ሳታዩ ቤት አትከራዩ።